ኢዛካያ እንዴት ይገባል፣ እንዴት ይታዘዛል፣ እንዴት ይከፈላል

ለሥልጠና ወይም ለትምህርት ጃፓን የገባ ወዳጅ ሁሉ፣ ገና ሻንጣውን ፈትቶ ሳይጨርስ አንድ ጥያቄ ይልክልኛል። «የቢሮው ሰዎች አርብ ማታ ኢዛካያ እንሂድ አሉኝ፤ እዚያ ምን ይደረጋል?» ሌላው ደግሞ ብቻውን ገብቶ፣ ያላዘዘው ነገር ሒሳቡ ላይ ተደምሮበት፣ «ተበላሁ» እያለ ይደውላል። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምመልስ ሁሉንም እዚህ ላስቀምጠው።

አንድ ነገር ቀድማችሁ ያዙ። ኢዛካያ መጠጥ እየተጠጣ ትንንሽ ምግብ የሚታዘዝበት ቤት ነው። ምግቡ መሐል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ሁሉም ከዚያ እያነሳ ይበላል። ለየራስ አንድ ሳህን አዝዞ፣ በልቶ፣ ከፍሎ መውጣት የለም። እየቆዩ፣ እየጨመሩ ነው። ከታች ያለው አብዛኛው ነገር ከዚህ የሚመጣ ነው።

ምን ይያዛል

- ጥሬ ገንዘብ፣ ለአንድ ሰው 5,000 የን ያህል። ሁለት ሦስት መጠጥና ልከኛ ምግብ ብዙ ጊዜ ከ3,000 እስከ 4,000 የን ይፈጃል፤ ቀሪው መጠባበቂያ ነው። ትልልቆቹ ቤቶች ካርድ ይቀበላሉ። ትንንሾቹ ግን ካርድ የለም ሊሉ ይችላሉ። ባለ 1,000 ኖቶችን አብዙ፤ ሒሳብ ስትካፈሉ ይጠቅማችኋል።
- ንጹሕና ያልተቀደደ ካልሲ። ለምን እንደሆነ በር ላይ ስትደርሱ ታያላችሁ።
- ፓስፖርት ወይም የመኖሪያ ካርድ። በጃፓን ለመጠጣት 20 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። በ2022 ለአካለ መጠን መድረሻው ወደ 18 ሲወርድ የመጠጡ እዚያው 20 ላይ ቀርቷል። (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)
- ፎቶ አንስቶ የሚተረጉም መተግበሪያ ያለው ስልክ። ጃፓንኛውን ቤታችሁ ሆናችሁ አውርዱት። ምድር ቤት ያሉ ኢዛካያዎች ብዙ ናቸው፤ ኔትወርክ ይጠፋል።
- የማትበሉት ነገር በጃፓንኛ የተጻፈበት ወረቀት። ቋንቋውን የሚችል ሰው አስጽፉ።
- መሐረብ። ብዙ መጸዳጃ ቤቶች ውስጥ እጅ ማድረቂያ የለም።

ደረጃ በደረጃ

1. ቤቱን ምረጡ።

ቀይ የወረቀት ፋኖስ በሩ ላይ ከተንጠለጠለ አብዛኛውን ጊዜ ኢዛካያ ነው። በሩ ላይ አጭር የጨርቅ መጋረጃ ተሰቅሎ ከሆነ ክፍት ነው፤ መጋረጃው ወደ ውስጥ ከገባ ተዘግቷል። ፋኖሱ ስለበራ ብቻ አትግቡ፣ መጋረጃውን እዩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ቤት ይሻላችኋል። ሜኑው ፎቶ አለው፣ ብዙ ጊዜ ትዕዛዙ በታብሌት ነው፣ ዋጋው ፊት ለፊት ተጽፏል። ለምሳሌ ቶሪኪዞኩ የሚባለው የዶሮ ጥብስ ቤት በየከተማው አለ፤ ምግቡም መጠጡም አንድ ዋጋ ስለሆነ ሒሳብ አያስደነግጥም። ፎቶ ላይ የምታዩአቸው ጠባብ መንገዶች፣ እንደ ሺንጁኩ ኦሞይዴ ዮኮቾ ወይም ዩራኩቾ ከባቡሩ ሐዲድ ሥር ያሉት፣ ደስ ይላሉ። ግን ወንበራቸው በጣት የሚቆጠር ነው። ስድስት ሆናችሁ ሄዳችሁ ቦታ የለም ብትባሉ አትቀየሙ። ወደዚያ ለሁለት ነው የሚኬደው።

2. በጊዜ ሂዱ ወይም አስይዙ።

አብዛኞቹ ከ17:00 ሰዓት ገደማ ይከፈታሉ፤ በእኛ አቆጣጠር ከአመሻሹ 11 ሰዓት ማለት ነው። ያን ሰዓት ከሄዳችሁ ቦታ አይጠፋም። አርብ ማታና ታኅሣሥ ወር ውስጥ ግን ሳያስይዙ መውጣት ከንቱ ልፋት ነው። በዚያ ወር መሥሪያ ቤቶች ሁሉ የዓመት መጨረሻ ግብዣ አላቸው። አራትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ሁልጊዜ አስይዙ። የምትቀሩ ከሆነም ደውላችሁ ሰርዙ፤ በእናንተ ቁጥር ልክ ዓሣው ተገዝቶ ይሆናል።

የሲጋራ ጭስ የሚረብሻችሁ ከሆነ በሩ ላይ ያለውን ምልክት እዩ። ከ2020 ጀምሮ ቤት ውስጥ ማጨስ በሕግ ተከልክሏል፤ ነገር ግን ከሕጉ በፊት የነበሩ ትንንሽ ቤቶች በልዩ ሁኔታ ሊፈቅዱ ይችላሉ። ማጨስ የሚፈቀድበት ቤት ዕድሜው ከ20 በታች የሆነ ሰው አያስገባም። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ይህን አትርሱ።

3. በር ላይ ቁሙ።

ስትገቡ አስተናጋጁም አብሳዩም በአንድ ድምፅ «ኢራሻይማሴ!» ብለው ይጮኻሉ። እንኳን ደህና መጣችሁ ነው፤ መልስ አይጠበቅባችሁም። ስንት እንደሆናችሁ በጣት አሳዩ። ባዶ ወንበር ስላያችሁ ሄዳችሁ አትቀመጡ። የተያዘ ሊሆን ይችላል፣ ደግሞም የማን ሒሳብ የት እንደሆነ የሚታወቀው በተሰጣችሁ ቦታ ነው።

ከመግቢያው በኋላ ወለሉ አንድ ደረጃ ከፍ ካለ፣ ወይም ግድግዳው ላይ ትንንሽ የጫማ ሣጥኖች ካሉ፣ ጫማ ይወለቃል። ጫማችሁን ሣጥኑ ውስጥ ከትታችሁ ከእንጨት የተሠራውን ቁልፍ ንቀሉና ኪሳችሁ ክተቱት። ከፍ ያለውን ወለል በጫማ አትርገጡ፤ ዝቅተኛውንም በካልሲ አትርገጡ። ንጹሑና ቆሻሻው የሚለየው እዚያች ጠርዝ ላይ ነው። ጫማ ባወለቃችሁበት ቤት መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ሌላ ነጠላ ጫማ ይቀመጣል። እሱን አድርጋችሁ ግቡ፤ ስትወጡ እዚያው ተዉት። አድርጎት ወደ ጠረጴዛው የሚመለስ እንግዳ አይጠፋም፤ ቤቱ በሙሉ ያየዋል።

4. የምትቀመጡበትን ጠብቁ።

ብቻችሁን ከሆናችሁ የትም ያው ነው። ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ከሆናችሁ ግን ከበሩ የራቀው ቦታ የአለቃ ወይም የእንግዳ ነው፤ ለበሩ የቀረበው አዛዡና አቀባዩ፣ ማለትም ወጣቱ፣ የሚቀመጥበት ነው። «እዚህ» እስኪሏችሁ ቁሙ። እንግዳ ስለሆናችሁ ወደ ውስጥ ሊገፏችሁ ይችላሉ፤ አንዴ እንቢ ብላችሁ ተቀመጡ። መሬት ላይ መቀመጥ የሚከብዳችሁ ከሆነ ጠረጴዛው ሥር እዩ። እግር የሚሰቀልበት ጉድጓድ ያላቸው ብዙ ናቸው።

5. ፎጣውንና ያላዘዛችሁትን ሳህን ተቀበሉ።

ገና ሳታዝዙ ሁለት ነገር ይመጣል። አንዱ እርጥብ ፎጣ ነው፤ በብርድ ወራት ትኩስ፣ በሙቀት ወራት ቀዝቃዛ። እጃችሁን ጥረጉበት፤ ፊትና አንገት ላይ ባትወስዱት ይሻላል። ከዚያ አጣጥፋችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ እስክትወጡ ያገለግላችኋል።

ሁለተኛው የብዙዎች ጥያቄ ምንጭ ነው። የቡና ሲኒ ማስቀመጫ የምታክል ሳህን ፊታችሁ ትቀመጣለች። ላይዋ ላይ ሁለት ቁራጭ የተቀቀለ ሥራ ሥር፣ ወይም አንድ ማንኪያ የማካሮኒ ሰላጣ፣ ወይም በሰሊጥ የታሸ ቆስጣ ሊኖር ይችላል። ማንም አላዘዘውም። ኦቶሺ ይባላል፤ ወደ ኦሳካ አካባቢ ትሱኪዳሺ ይሉታል። ነጻ አይደለም። በሰው ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 500 የን ሒሳባችሁ ላይ ይደመራል፤ ዘመናዊ ቤቶች ውስጥ ከዚያም ያልፋል። የወንበር ክፍያ በሉት። ጥቅሙ ደግሞ የመጀመሪያው ትዕዛዛችሁ እስኪደርስ ከመጠጡ ጋር የሚበላ ነገር ማግኘታችሁ ነው።

ስለዚህ ማንም አልዘረፋችሁም። በሌላ በኩል «አላዘዝኩም» ብሎ መመለስ፣ በተለይ ትንሽ ቤት ውስጥ፣ አያስኬድም። አንዳንድ ትልልቅ ቤቶች ግን ሳይመጣ በፊት ከነገራችኋቸው ያስቀሩታል፦ «ኦቶሺ ናሺ ደ ኦኔጋይ ደኪማስ ካ»። ምግቡ የማይስማማችሁ ከሆነም ወረቀታችሁን አሳዩ፤ በሌላ ሊቀይሩላችሁ ይችላሉ። ከቀመሳችሁት በኋላ ግን የእናንተ ነው።

6. የመጀመሪያውን መጠጥ ቶሎ እዘዙ።

አስተናጋጁ ፎጣውን ሲያመጣ መጠጣችሁን ይጠይቃል። ሜኑ እያገላበጡ አሥር ደቂቃ ማሰብ አይሆንም። ሁሉም ብርጭቆ ይዞ «ካንፓይ» እስኪል ማንም አይጠጣም፤ እናንተ ስትዘገዩ ጠረጴዛው በሙሉ ይጠብቃል። ሰዉ «ቶሪያኤዙ ቢሩ» ብሎ ድራፍት የሚያዝዘው ለዚህ ነው፤ ድራፍት ፈጥኖ ይመጣል። ሌላውን ቀጥሎ በተረጋጋ ልብ ትመርጣላችሁ።

የማትጠጡ ከሆነ ማንም አያስገድዳችሁም። ኡሮንቻ የሚባለው ቀዝቃዛ ሻይ፣ ዝንጅብል ሶዳ፣ አልኮል የሌለው ቢራ በየቤቱ አለ። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ፦ «ኡሮንቻ» ሻይ ነው፣ «ኡሮንሃይ» ሻይ በአረቄ ነው። ብርጭቆው አንድ፣ ቀለሙ አንድ፣ በረዶው አንድ። አስተናጋጁ በጫጫታው መሐል ሊሳሳት ይችላል። መጀመሪያ አሽትቱ፣ ከዚያ ትንሽ ቅመሱ።

ስትጋጩ የእናንተ ብርጭቆ ከአለቃው ብርጭቆ ትንሽ ዝቅ ይበል። በጠርሙስ የመጣ ቢራ ወይም ሳኬ ከሆነ ደግሞ ለራስ አይቀዳም። እናንተ ለጎረቤታችሁ ትቀዳላችሁ፣ እሱ ለእናንተ። ብርጭቆው ሊያልቅ ሲል አይታችሁ ጠርሙሱን አንሱ። መጠጣት ካልፈለጋችሁ ብርጭቆአችሁን ሙሉ አድርጋችሁ ተዉት፤ ካላጎደላችሁት አይቀዳበትም። ከመከራከር ይህ ይቀላል።

ሳኬ ስታዝዙ ብርጭቆውን ትንሽ የእንጨት ሣጥን ውስጥ አቁመው ሊቀዱላችሁ ይችላሉ። ይሞላል። አሁንም ይቀዳሉ። በጠርዙ እየፈሰሰ ሣጥኑ ውስጥ ይጠራቀማል። ተሳስተው አይደለም፤ የቤቱ ቸርነት ነው። ብርጭቆውን ሳታነሱ ጎንበስ ብላችሁ አንዴ ተጎንጩ። ጎደል ሲል አንሱትና ታቹን በፎጣው ጥረጉት። ሣጥኑ ውስጥ የቀረውን በኋላ ወደ ብርጭቆው ገልብጡት። ሳኬ አልኮሉ 15 በመቶ ገደማ ነው፤ ሾቹ የሚባለው አረቄ ብዙውን ጊዜ 25 ነው። ሎሚ ያለበት «ሳዋ» እንደ ጭማቂ ስለሚወርድ ያዘናጋል፤ ውስጡ ያው ሾቹ ወይም ሌላ አረቄ ነው።

7. ምግብ በትንሽ በትንሹ እዘዙ።

በአንድ ጊዜ አሥር ዓይነት አትዘዙ። ማድቤቱ ያለቀለትን ሁሉ እያከታተለ ያወጣል፤ ጠረጴዛው ይሞላል፣ ጥብሱ ይቀዘቅዛል። ሁለት ሦስት ሳህን፣ ከዚያ ሲያልቅ እንደገና።

መጀመሪያ ብዙ ማብሰል የማይፈልገውን እዘዙ፣ ቶሎ ይመጣል። ኤዳማሜ ከነልጣጩ የተቀቀለ ለጋ አኩሪ አተር ነው፤ እንደ ባቄላ እሸት ፍሬውን አፋችሁ ውስጥ ጨምቃችሁ ልጣጩን ትጥላላችሁ። ቀዝቃዛ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ፣ አይብ የሚመስል)፣ የድንች ሰላጣ፣ ሳሺሚ የሚባለው ጥሬ ዓሣም እዚህ ይገባሉ። ቀጥሎ ጥብስና የተጠበሰ ዶሮ። ሩዝና ሾርባ መጨረሻ ላይ ነው።

ያኪቶሪ፣ በእንጨት የተሰካ የዶሮ ጥብስ፣ ስታዝዙ «ታሬ ወይስ ሺዮ» ይሏችኋል። ታሬ ጣፋጭ የአኩሪ አተር ስጎ ነው፤ ሺዮ ጨው ብቻ። ግራ ከገባችሁ ጨው በሉ። ክፍሎቹን በስም ካወቃችሁ ሜኑ አያስጨንቃችሁም፦ ሞሞ ጭን፣ ኔጊማ ጭን ከባሮ ሽንኩርት ጋር፣ ትሱኩኔ የተፈጨ፣ ካዋ ቆዳ፣ ቴባሳኪ ክንፍ፣ ሱናጊሞ መቋደሻ፣ ረባ ጉበት፣ ሃትሱ ልብ፣ ናንኮትሱ ቅርጭጭት። አንድ ትዕዛዝ ሁለት እንጨት የሚሆንባቸው ቤቶች ስላሉ ቁጥር ከመናገራችሁ በፊት ፎቶውን እዩ።

አስተናጋጅ ለመጥራት ጠረጴዛው ላይ ቁልፍ ካለ ተጫኑት። ከሌለ እጅ አንስታችሁ «ሱሚማሴን!» በሉ፣ ጮክ ብላችሁ። በእርግጥ ጮክ ብላችሁ። በትሕትና ብታንሾካሹኩ እስከ ሌሊት ትቀመጣላችሁ። ማጨብጨብና ማፏጨት ግን ነውር ነው። ምግቡን በጣት እያሳያችሁ «ኮሬ ሂቶትሱ ኩዳሳይ» ካላችሁ አንድ ይመጣል፤ ሁለት ከሆነ «ፉታትሱ»፣ ሦስት ከሆነ «ሚትሱ»።

ግድግዳ ላይ የተለጠፉት በእጅ የተጻፉ ወረቀቶች የዕለቱ ምግብ ናቸው። ብዙ ጊዜ ጥሩው እዚያ ነው፤ ስልካችሁን አውጡና አስተርጉሙት። ዋጋው በጃፓንኛ አኃዝ ከተጻፈ፣ አንድ አግድም መስመር አንድ፣ ሁለት መስመር ሁለት፣ ሦስት መስመር ሦስት ነው። ዋጋ ያልተጻፈበት ዓሣ ካለ ሳትጠይቁ አትዘዙ።

8. የማትበሉትን ገና ሳታዝዙ ተናገሩ።

ለእኛ ሰው ይህ ዋናው ነው።

የአሳማ ሥጋ የማትበሉ ከሆነ «ቡታ» የሚለውን ቃል ያዙ። ቡታባራ፣ ካኩኒ፣ ግዮዛ፣ ቤከን የተጠቀለለበት ማንኛውም ጥብስ፣ ሁሉም ዘንድ አሳማ አለ። የድንች ሰላጣው ውስጥ ሃም ይገባል። ሞትሱ የሚባለው የሆድ ዕቃ ወጥ የከብትም የአሳማም ሊሆን ይችላል፤ ጠይቁ። «ያኪቶን» የሚል ቤት ከያኪቶሪ ጋር በስም ይምታታል፤ ጥብሱ ግን የአሳማ ነው። ሆካይዶ ውስጥ ሙሮራን፣ ሳይታማ ውስጥ ሂጋሺማትሱያማ የሚባሉ ከተሞች ደግሞ ስሙ ያኪቶሪ ሆኖ ሥጋው አሳማ ነው። «ቡታ ናሺ ደ ኦኔጋይሺማስ» ማለት አሳማ ይቅርልኝ ነው።

ጾም ከሆነ ይከብዳል። ግብዣው የሚበዛው አርብ ነው፤ አርብ ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ችግሩ ሥጋው አይደለም፣ ሥጋ ይታያል። ችግሩ ዳሺ ነው። ከደረቀ ዓሣና ከባሕር አረም የሚወጣ መረቅ ሲሆን ሾርባው፣ የተቀቀለው አትክልት፣ የተጠበሰው ቶፉ ስጎ ውስጥ ሁሉ ይገባል። ቀዝቃዛው ቶፉ ላይም የእንጨት ፍቅፋቂ የሚመስል ተፍቆ የሳሳ ደረቅ ዓሣ ይበተናል፤ «ካትሱኦቡሺ ናሺ ደ» ካላችሁ ይቀራል። ዓሣ ለማይበላ ጿሚ አስተማማኙ ኤዳማሜ፣ በጨው የተጠበሰ እንጉዳይና ቃሪያ፣ የተቆረጠ ቲማቲም ያለ ማዮኔዝ፣ ነጭ ሩዝ ነው። ያጠግባል ወይ? ብዙም አያጠግብም። ትንሽ በልታችሁ ውጡ። ግብዣው አስቀድሞ የታዘዘ ምግብ ካለው ደግሞ ለአዘጋጁ ከቀናት በፊት ንገሩት፤ በዚያው ምሽት ማድቤቱ ሊቀይረው አይችልም።

ሙስሊም ከሆናችሁ ከአሳማው ሌላ ሁለት ነገር አለ። ታሬው ውስጥ ሳኬና ሚሪን የሚባል የማብሰያ ወይን ይገባል፤ ዶሮውም ሐላል ታርዶ አይደለም። በተራ ኢዛካያ ዓሣ በጨው፣ አትክልትና ሩዝ ላይ ቆዩ። ፍርግርጉና ዘይቱ የጋራ መሆኑንም አስቡበት።

9. በጋራ ብሉ።

ከመሐሉ ሳህን ቀጥታ ወደ አፍ አይኬድም። ፊታችሁ ያለችው ትንሽ ሳህን ላይ አውጡ፣ ከዚያ ብሉ። ለማንሻ የተለየ እንጨት ካለ በእሱ አንሱ።

ጉርሻ የለም። ፍቅራችሁን ሌላ መንገድ ፈልጉለት። በተለይ ምግብን ከአንድ ሰው መብያ እንጨት ወደ ሌላው እንጨት ማቀበል በጃፓን ከባድ ነውር ነው፤ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰብ አጥንት የሚለቅመው እንደዚያ ነው። እንጨቱን ሩዝ ላይ ማቆምም ለሟች የሚደረግ ነው። አንድ ነገር ለሰው ማካፈል ከፈለጋችሁ ሳህኑን አቅርቡለት።

የዶሮው ሥጋ ካለቀ በኋላ ባዶውን እንጨት ጠረጴዛው ላይ ያለችው ጠባብ ማሰሮ ውስጥ ክተቱ። የተጠበሰ ዶሮ ከሎሚ ቁራጭ ጋር ሲመጣ ሳትጠይቁ ሳህኑ በሙሉ ላይ አትጭመቁ። ቀልድ አይደለም፣ በዚህ የሚጣሉ አሉ። ኦሳካ ኩሺካትሱ፣ በእንጨት ተሰክቶ በዘይት የተጠበሰ ምግብ፣ የምትበሉ ከሆነና ስጎው በጋራ ዕቃ ከቀረበ፣ አንዴ ከነከሳችሁ በኋላ ዳግመኛ አትንከሩ።

10. ኖሚሆዳይ ከመውሰዳችሁ በፊት ደምሩ።

በተወሰነ ገንዘብ የፈለጋችሁትን ያህል የምትጠጡበት ነው፤ ጊዜው ብዙውን ጊዜ 90 ወይም 120 ደቂቃ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ዋጋው 2,000 የን ከሆነና አንድ ድራፍት 500 የን ከሆነ፣ አራት ጠጥታችሁ ነው ገንዘባችሁን የምትመልሱት። ከዚያ በታች ከሆነ በነጠላ እዘዙ። አብዛኞቹ ቤቶች አንዱ ከወሰደ ጠረጴዛው በሙሉ እንዲወስድ ያስገድዳሉ፤ የማይጠጣ ጓደኛችሁን አትርሱት። አዲስ ብርጭቆ የሚመጣው የያዛችሁት ሲያልቅ ነው። የመጨረሻው ትዕዛዝ ደግሞ ሰዓቱ ከማለቁ 30 ደቂቃ በፊት ሊሆን ይችላል፤ ስትቀመጡ ጠይቁ። ኖሚሆዳይ ባትወስዱም ቤቱ ሲሞላ ወንበሩን በሁለት ሰዓት ሊገድቡት ይችላሉ።

11. ዝጉና ክፈሉ።

ሰዉ መጨረሻ ላይ የሩዝ ምግብ ያዝዛል፦ የተጠበሰ ኦኒጊሪ፣ ወይም ሻይ የፈሰሰበት ሩዝ። ይህ ሲታዘዝ ካያችሁ ምሽቱ እያለቀ ነው ማለት ነው።

ሒሳብ ለመጥራት ሁለቱን ሌባ ጣቶች አጣምሩ፣ ወይም «ኦካይኬይ ኦኔጋይሺማስ» በሉ። ወረቀቱን ይዛችሁ መውጫው አጠገብ ያለው ገንዘብ ተቀባይ ዘንድ የምትከፍሉበት ቤት ብዙ ነው። ገንዘቡን እጁ ላይ ሳይሆን ትሪዋ ላይ አስቀምጡ። ተቀምጦ ለሚበላ ታክሱ 10 በመቶ ነው። ሜኑው ላይ ሁለት ዋጋ ካያችሁ ትልቁ ታክስ ያለበት ነው፣ እሱን ቁጠሩ።

ብዙ ሆናችሁ ከሆነ አንድ ሰው ይከፍላል፣ ሌሎቹ ለእሱ ይሰጣሉ። ቤቱ ለየብቻ እንዲያስከፍል አትጠይቁ፤ ሰልፉ ይረዝማል። ድርሻው ብዙ ጊዜ እኩል ነው፣ ማን ምን እንደበላ አይቆጠርም።

ጉርሻ፣ ማለት ቲፕ፣ አይሰጥም። መልስ ትታችሁ ከወጣችሁ ረሱት ብለው ሮጠው ይደርሱባችኋል። ስትወጡ «ጎቺሶሳማ ደሺታ» በሉ፣ ያ ይበቃል።

12. የምትመለሱበትን አስቀድማችሁ አስቡ።

የቶኪዮ የመጨረሻ ባቡሮች ከእኩለ ሌሊት ትንሽ አለፍ ብሎ ያልቃሉ፤ እንደገና የሚጀምሩት ንጋት 11 ሰዓት ገደማ ነው። ታክሲ ከማታው 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት 20 በመቶ ጭማሪ አለው። «ኒጂካይ» ካሏችሁ ሁለተኛ ቤት እንሂድ ማለት ነው። ለመቅረት «ባቡሬ ያመልጠኛል» ማለት ማንንም አያስከፋም።

ማስጠንቀቂያ

መንገድ ላይ የሚጠራችሁን ሰው አትከተሉ፤ በተለይ ሺንጁኩ ካቡኪቾ ውስጥ። «ያ የምታውቁት ቤት ሞልቷል፣ ቅርንጫፉ እዚህ ነው» ይላል። የሚወስዳችሁ ሌላ ቤት ነው፤ ሒሳቡም ሌላ።

ጥሬ ዶሮ አትብሉ። ጥሬ ሥጋ የለመደ ሰው «እኔን ምንም አያደርገኝ» ይላል፤ ይህ ግን ሌላ ነው። ጃፓን ጥሬ የከብት ጉበትን በ2012፣ ጥሬ አሳማን በ2015 ከምግብ ቤት አግዳለች። ዶሮ ግን በዚያ ዕገዳ ስላልተካተተ ቶሪሳሺ ወይም ቶሪዋሳ ተብሎ ሜኑ ላይ ታገኙታላችሁ። ካምፒሎባክተር የሚባለው ተህዋስ ዶሮው ትኩስ ስለሆነ አይጠፋም። ያኪቶሪውም መሐሉ ሮዝ ከሆነ መልሳችሁ አስጠብሱት።

ከጠጣችሁ ብስክሌትም አትንዱ። ከኅዳር 2024 ጀምሮ ጠጥቶ ብስክሌት መንዳት እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 500,000 የን ቅጣት ያመጣል። መኪና ከሆነ ደግሞ መጠጡን የሰጠውም፣ እያወቀ አብሮ የተሳፈረውም ይቀጣል። ቪዛችሁ ላይ የሚያመጣውን መዘዝ ራሳችሁ አስቡት።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

- ውሃ ብቻ ይዞ ሦስት ሰዓት መቀመጥ። ውሃ ነጻ ነው፤ ቤቱ የሚኖረው ግን በመጠጥ ሽያጭ ነው። ቢያንስ አንድ ሻይ ወይም ሶዳ እዘዙ።
- በባዶ ሆድ ደርሶ ለመጥገብ ማዘዝ። ሳህኖቹ ትንንሽ ናቸው፤ ጠግባችሁ ስትነሱ ሒሳቡ ሁለት እጥፍ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በጣም ከራባችሁ መጀመሪያ ሩዝ ያለው ነገር እዘዙ፤ ማንም አይከለክልም።
- የተረፈውን ቋጥሩልኝ ማለት። ብዙ ቤቶች የምግብ መመረዝ ፈርተው አይሰጡም። በትንሽ በትንሹ ካዘዛችሁ አይተርፍም።
- ሳያስፈቅዱ አብሳዩንና ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉትን ፎቶ ማንሳት። ሳህናችሁን አንሱ፤ ሰው ከሆነ ግን ጠይቁ።
- የጫማ ሣጥኑን ቁልፍ ኪስ ውስጥ ይዞ ቤት መግባት። ቁልፉ የቤቱ ነው፤ ጫማችሁን ስታወጡ መልሳችሁ ሰኩት።